ከቡታጅራ እስከ ካዛንቺስ በኪሴ የያዝኩት ወረቀት

ቡታጅራ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሰው ለጉዞ ሲነሳ አንድ ምክንያት ይበቃዋል። እኔ ግን ያን ቀን ከቡታጅራ መናኸሪያ ስነሳ ሁለት ምክንያት ይዤ ነበር። አንዱን ባለቤቴ ሙና ታውቀዋለች፤ ሌላው ተጣጥፎ በጃኬቴ የውስጥ ኪስ ተቀምጧል። ሙና የምታውቀው የእኛ ከተማ የአልትራሳውንድ ማሽን ስላረጀ አዲስ አበባ ሄደን ጥራት ያለው ምስል እንደምንነሳ ነው። ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል። የመረመራት ሐኪም፣ እሷ ልብሷን እስክታስተካክል ወደ ኮሪደር ጠራኝና፣ «የፅንሱ ልብ ቀኝ ጎኑ ሰፍቶ ታየኝ። እኔ የልብ ሐኪም አይደለሁም። ይህን የምታይ ሐኪም ካዛንቺስ አለች፤ ሳትዘገዩ ሂዱ» ብሎ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሙና ሰባት ወሯን ጨርሳ ስምንተኛውን ልትይዝ ነው። በተጋባን በአምስተኛ ዓመታችን የመጣ የመጀመሪያ ልጃችን ነው።

ሐኪሙ ለምን ለእኔ ነገረኝ? እኔስ ለምን ለእሷ አልነገርኳትም? በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ ለእርጉዝማ ጭራሽ። መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገራል፣ ቤተሰብ ተሸክሞት ይዞራል፣ ታማሚው መጨረሻ ላይ ይሰማል ወይም ሳይሰማ ይቀራል። ሐኪሙ የአገሬ ልጅ ስለሆነ ያደገበትን አደረገ፤ እኔም እንደዚያው።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። በርበሬና በቆሎ ጭኜ አይሱዙ ስነዳ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ሰው ወሬውን ሳይጨርስ እኔ እጨርስለታለሁ፣ ሌላው ሲጠየቅ እኔ እመልሳለሁ። እናቴ «ከድር ሲወለድም አዋላጇን አልጠበቀም» እያለች ትስቅብኛለች። ያን ቀን ግን መኪናዬን አቁሜ በሰው ሚኒባስ ተሳፋሪ ሆንኩ። ጋቢና ሙናን መስኮት በኩል አስቀምጬ እኔ መሀል ገባሁ። ገና ከተማውን ሳንወጣ ቀኝ እግሬ ባዶውን ወለል ፍሬን መስሎት መርገጥ ጀመረ።

ቡኢ፣ ጢያ፣ መልካ ቁንጥሬ

ቡኢ ላይ መኪናው ለአምስት ደቂቃ ቆመ። ክረምቱ ሊወጣ ስለነበር መንገዱ ዳር ሴቶች እሸት በቆሎ እየጠበሱ ይሸጣሉ፤ አንዱ ሦስት ብር። ለሙና አንድ በቆሎና ሦስት ሙዝ ገዛሁላት። በቆሎውን በላች፣ ሙዙን ለሹፌሩ አካፈለች፣ ከሹፌሩ ጋር ስለ ኑሮ ውድነት አወራች። እኔ ኪሴን እነካካለሁ። ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል።

ከቡኢ በኋላ አስፋልቱ የተበላሸበት ቦታ አለ። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ሙና በሁለት እጇ ወንበሩን ትጨብጣለች። ጢያ ስንደርስ፣ ከመንገዱ ወጣ ብለው የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ፎቶ የሚያነሱ ፈረንጆች አየን። ሙና ግን ቀና ብላም አላየቻቸው።

«ወገቤ ከድር፣ ወገቤ! ለሁለት የሚከፈል ነው የሚመስለኝ።»

ከኪሴ የወገብ ኪኒን አወጣሁላት። ይህ ኪኒን የሹፌር ጓደኛ ነው። የእኔም ወገብ በጭነት መኪና ስላለቀ ክሩስኮቴ ውስጥ፣ በመኪናው መሳቢያ፣ አይታጣም፤ የሰፈራችን ፋርማሲ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ከመደርደሪያው ያወርደዋል። ሙናም ሆዷ ገፍቶ ወገቧ ሲያስቸግራት፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠዋት አንድ ማታ አንድ እየሰጠኋት ነበር። በእኔ የሠራ በእሷም ሠራ። ዋጠችው፤ መልካ ቁንጥሬ ድልድይ ላይ አዋሽን ቡናማ ሆኖ ሞልቶ እስክናየው ድረስ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ደስ አለኝ። ቢያንስ አንድ ነገር ላደርግላት ችያለሁ አልኩ።

ቡልጋሪያ፣ አክስቴ ቤት

ያረፍነው አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር፣ አክስቴ ራህመት ቤት ነው። አክስቴ ቡልጋሪያ ከጋራዦቹ መደዳ ብሎንና የሞተር ማሸጊያ ጎማ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። መካኒኮቹ ሁሉ «እማማ» ነው የሚሏት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻዋን ይዛዋለች። ሙናን አቅፋ ሳመቻት፣ ሆዷን በእጇ ዳበሰች፣ ከዚያ ሙና ፊቷን ልትታጠብ ስትገባ ወደ እኔ ዞረች።

«ፊትህ ምን ሆኗል?»

ነገርኳት። ወረቀቱንም አሳየኋት። አታነበውም፤ ግን ይዛው ገለባበጠችው።

«ወላሂ እንዳትነግራት!» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደንግጣ ብትወልደውስ? እርጉዝ እኮ ናት። በቃ፣ ለሐኪሟም ንገራት። ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ በል፣ ወንድ አይደለህ?»

«እሺ» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ እናቴ ከቡታጅራ ደወለች። «ሙና እንዴት ናት?» ስትል ሙና አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ እኔ ግን ስልኩን ሳላቀብላት «ደህና ናት፣ ምንም አልሆነችም» ብዬ ዘጋሁት።

ካዛንቺስ፣ በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

የባቡሩ መስመር የሚቆፈርበት ዘመን ነበር። ከቡልጋሪያ ተነስቶ ካዛንቺስ መድረስ ከቡታጅራ አዲስ አበባ ከመምጣት የባሰ ሆነ። የመጀመሪያው ታክሲ ኦሎምፒያ አወረደን። ሁለተኛው ወደ ባምቢስ ዝቅ እንዳለ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ረዳቱም «መንገድ ዝግ ነው፣ ወራጅ! እዚህ ነው በቃ!» ብሎ በሩን ከፈተ። ፊት ለፊታችን መንገዱ ተቦርቡሮ ቀይ ጭቃ ሆኗል፤ መኪናው ሁሉ ክላክስ እየነፋ በአንዲት ቀጭን ማዞሪያ ተፋፍጓል። ሙናን እጇን ይዤ በተጋደመ ሳንቃ አሻገርኳትና ዳገቱን ወደ ካዛንቺስ ወጣን። በየሃያ እርምጃው ትቆማለች። እኔ «በርቺ፣ ደረስን» እላታለሁ። አልደረስንም ነበር።

ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። መጠበቂያው በእናቶችና በሕፃናት ሞልቷል። ሙና ከአንዲት ከደብረ ብርሃን የመጣች እናት አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ። የሴትየዋ ልጅ ስምንት ዓመት ይሆናታል፤ ከንፈሯ ጠቆር፣ ጥፍሮቿ ሰማያዊ ያሉ ናቸው። እኔን ተከትላ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰችና ድንገት መሬት ላይ ቁጢጥ አለች።

«ተዋት፣ አሁን ትነሳለች» አለችኝ እናቲቱ። «ስትሮጥ እንዲህ ናት። ውኃ ስልካት መንገድ ላይ ቁጢጥ፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቁጢጥ። ስንፍና መስሎኝ ዓመት ሙሉ ስቆጣት ከረምኩ። ለካ ልቧ ነው። ሲወለዱ ጀምሮ ቀዳዳ ያለው ልብ አለ አሉኝ። ቁጢጥ ስትል ትንሽ ይቀላታል አሉኝ፤ እሷ ማንም ሳይነግራት አውቃዋለች።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እኔ እናቷ ግን አላወቅኩም። በእርግጥ ተቀዶ ይጠገናል ብለውኛል። ወረፋ ላይ ነን።»

ሙና የልጅቷን ጀርባ እያሻሸች «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» አለቻት። እኔ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ።

ተራችን ሲደርስ ቀድሜ ገባሁ። ዶክተር ሰናይት ሃምሳ የሚሆናት፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። በሩን ከኋላዬ ገጠም አድርጌ በሹክሹክታ ጀመርኩ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሷ ምንም አታውቅም። የሚያዩትን ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ።»

ደብዳቤውን አንብባ ቀና አለች። «ልቡ ያለው የት ነው?»

«እ?»

«ማለቴ፣ አሁን የማየው ልብ አንተ ጋ ነው ያለው?» ብላ በሩን ራሷ ከፈተችና ሙናን ጠራቻት። ደብዳቤውን መልሳ ሰጠችኝ፤ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ሙና አልጋው ላይ ወጣች። ዶክተሯ ቀዝቃዛውን ጄል ቀባቻት፤ ስክሪኑ ላይ ግራጫ ጥላ መጣ፣ ጥላው ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ፈሰሰበት፤ ደሙ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው አለችን። ድምፁንም ከፈተችው። የእኔ አይሱዙ ዳገት ላይ እንዲህ አይፈጥንም። ሙና ፈገግ አለች። ዶክተሯ ግን ፈገግ አላለችም፤ አንዱን ቦታ ደጋግማ ታያለች፣ ትለካለች፣ ትመለሳለች።

«ስኳር አለብሽ ሙና?»

«የለባትም» አልኩ እኔ።

«በቤተሰብ የልብ ሕመም?»

«በእሷም በእኔም በኩል የለም።»

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ማንኛውም ዓይነት።»

«ጤና ጣቢያ ከሰጧት የደም ማነስ ኪኒን በቀር ምንም! ምንም አትወስድም።»

ዶክተሯ እጇን አቆመች። «ሙናን ነው የጠየቅኳት።»

ሙና ወደ እኔ አየች። ምስል ለመነሳት ብቻ የመጣች ሴት ናት፤ ጥያቄውም ለወግ የሚጠየቅ ነው የመሰላት። «እሱ እንዳለው ነው» አለች።

ዶክተሯ ጄሉን ጠርጋላት ምሳ በልተን ዘጠኝ ሰዓት እንድንመለስ ነገረችን። እኔን በር ላይ አስቀረችኝ።

«ቀኝ ልቡ ተጨንቋል። ምክንያት አለው፣ ግን አላገኘሁትም። ካልተገኘና ልቡ እየደከመ ከሄደ ያለ ጊዜው እንዲወለድ ልናደርግ እንችላለን፤ እሱም የራሱ አደጋ አለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሁለታችሁም እነግራለሁ። ከዚያ በፊት ከአንተ ብትሰማው ይሻላታል።»

ኦሎምፒያ፣ ከቀኑ ሰባት ተኩል

ካዛንቺስ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን፤ ሃያ አምስት ብር፣ ከነቃሪያው። እየፈላ መጣ። ሙና በላች፤ እኔ እንጀራውን ቆራርሼ ትቼው ተነሳሁ። ልነግራት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሌላ ነገር ይወጣል። «ሽሮው ጨው በዝቶበታል» አልኩ። ከምግብ ቤቱ አወጣኋት። ዳገቱን ወረድን፣ ሳንቃውን ተሻገርን፣ ባምቢስን አለፍን። ለምን እንደምሄድ አላውቅም፤ ብቻ ቆም ካልኩ የምናገረው ስለመሰለኝ አልቆምኩም። ያቺ የሰባት ወር እርጉዝ ከኋላዬ ጭቃውን እየዘለለች ትከተለኛለች። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ከድር! የት ነው የምንሄደው?»

«ትንሽ እንናፈስ ብዬ ነው።»

«በዚህ አቧራ?»

ኦሎምፒያ አደባባዩ ጋ ስንደርስ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ያለ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከዚህ ወዲያ አንድ እርምጃ አልሄድም። ወገቤ አልቋል። ያን ኪኒን ስጠኝ።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ኪኒኑን ስቤ ሳቀብላት ወረቀቱም አብሮ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ከላዩ ስሟ በትልቁ ተጽፏል። ሙና የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ስሟ የተጻፈበትን ወረቀት ሳታነብ አታልፍም። ከእኔ ቀድማ አነሳችው። ላስቆማት እጄን ዘረጋሁ፣ ከዚያ መልሼ ሰበሰብኩት። እንግሊዝኛውን ቀስ ብላ አነበበችው፤ አንዱ ቃል ላይ ስትደርስ ከንፈሯ መንቀሳቀስ አቆመ።

«መቼ ነው የተጻፈው?»

«አራት ቀን ሆኖታል።»

«አራት ቀን።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችው። አላለቀሰችም፣ አልደነገጠችም። ተቆጣች። «እኔ ሆዴ ውስጥ የተሸከምኩትን አንተ ኪስህ ውስጥ ከተህ ትዞራለህ? አክስትህ ታውቃለች?»

ዓይኔን ወደ አደባባዩ መለስኩ።

«አክስትህ ታውቃለች። ሹፌሩም ያውቅ ይሆናል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው፤ እኔ በቆሎ እየበላሁ እስቃለሁ!»

«እንዳትደነግጪብኝ ብዬ ነው ሙና።»

«ልደንግጥ እንጂ! እናቱ አይደለሁ? ማን ይደንግጥለት?»

አስተናጋጁ ሊታዘዝ መጥቶ ሲሰማን ውኃ ብቻ ቀድቶ ተመለሰ። በሕይወቴ የሰው ንግግር ሳልጨርስ ስቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሙና ወረቀቱን ደግማ አነበበች። ከዚያ በሌላ እጇ የያዘችውን ኪኒን አየች፤ ውኃው ፊቷ ተቀድቷል።

«ጠዋት ዶክተሯ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ብላ ጠይቃለች አይደል?»

«ይኼ እኮ የወገብ ነው። ከልብ ጋር ምን አገናኘው?»

«አላውቅም። አንተም አታውቅም።» ኪኒኑን ሳትውጠው ከነማሸጊያው ከደብዳቤው ጋር በቦርሳዋ ከተተችው። «እንነሳ። እዚያ ስንደርስ እኔ ነኝ የምናገረው።»

ካዛንቺስ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ሙና ገና ሳትቀመጥ ኪኒኑን ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። «ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ትናንትም መንገድ ላይ ወስጃለሁ።»

ዶክተሯ ስሙን አየችና መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ እንደገና አየችው።

«አልሃምዱሊላህ በሉ» አለች፤ የራሷ አንገት ላይ ግን መስቀል አለ። «ስፈልገው የዋልኩት ይህን ነው። ከድር፣ ጠዋት ሹፌር ነኝ አላልከኝም? ስማኝ። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ አይተነፍስም፤ ሳንባው ገና ሥራ አልጀመረም። ስለዚህ ቀኝ ልቡ የሚገፋው ደም ወደ ሳንባ አይሄድም፣ በአንዲት አጭር ማዞሪያ ያልፋል። ተወልዶ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ሲስብ ዋናው መንገድ ይከፈታል፤ ማዞሪያዋም ያኔ በራሷ ትዘጋለች። ይህ ማስታገሻ ግን ማዞሪያዋን ያለ ጊዜዋ ያጠብባታል። ደሙ መሄጃ ያጣል፣ ልቡ ዝግ መንገድ ላይ ይገፋል፣ ሲገፋ ይሰፋል።»

ጠዋት ባምቢስ ላይ ያየሁት ዓይኔ ላይ መጣ። ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ሁሉ ክላክስ፣ አንዲት ቀጭን ማዞሪያ። የዘጋኋት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፣ ውኃ እያቀበልኩ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አልኩ።

«ፋርማሲው ለእርጉዝ ነው ወይ ብሎ ጠይቆሃል?»

«ለእኔ መስሎት ነው የሚሰጠኝ።»

«እንግዲህ ዛሬ አወቅህ» አለች፤ አልተቆጣችም፣ አላባበለችኝም። «ሙና ከዛሬ ጀምሮ አንድም እንዳትወስድ። ብዙ ጊዜ ኪኒኑ ሲቆም መንገዷ በቀናት ውስጥ መልሳ ትከፈታለች። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ቃል አልገባላችሁም። ዕለት ዕለት ደውሉልኝ፣ የልጁን እንቅስቃሴ ቁጠሪ ሙና፣ ከቀነሰብሽ በዚያው ሰዓት ነይ። በአምስተኛው ቀን እናየዋለን።»

ቡልጋሪያ፣ አምስት ቀን

አምስት ቀን እንዴት እንደሚረዝም የጠበቀ ያውቀዋል። ሙና የሞቀ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞላች፣ በፎጣ ጠቅልላ ወገቧ ላይ ታስራለች። ከእኔ ጋር አታወራም፤ ከልጁ ጋር ታወራለች። ሲንቀሳቀስ በአክስቴ የሱቅ ደብተር ጀርባ ላይ መስመር ታሰምራለች። መስመሮቹን ከሩቅ አያለሁ፤ ስንት ሆነ ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ።

አክስቴ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ለምን ነገርካት ብላ ጮኸችብኝ። ቀጥላ ኪኒኑን ስነግራት ቁጭ አለች። መሳቢያዋን ከፈተች፤ ያው ኪኒን ለጉልበቷ የምትወስደው እዚያ አለ። «ወረቀቱን ባታየው ኖሮ ይህን ጊዜም እየዋጠችው ነበር አክስቴ» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞቀውን ውኃ ራሷ ታፈላላት ጀመር።

እኔ ከቤት እወጣለሁ። ከቡልጋሪያ እስከ ቂርቆስ በእግሬ፣ ከቂርቆስ መልሶ። ጋራዦቹ ጋ ቆሜ ሰው ሞተር ሲፈታ አያለሁ፤ የተደፈነ ቱቦ አውጥተው በአየር ነፍተው መልሰው ሲገጥሙት ቀናሁባቸው። የእኔም ወገብ ጀመረኝ፣ ኪኒኑን ግን አልወሰድኩም። ምንም እንደማይጠቅም አውቃለሁ። ብቻ አልወሰድኩም። በሦስተኛው ቀን ሙና ከፍራሹ ላይ ሆና ጠራችኝ።

«ዛሬ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተንቀሳቅሷል። ትናንት ሃያ ስድስት ነበር።» ፊቷን አላዞረችም። «ከዛሬ ወዲያ ስሜ ያለበት ወረቀት በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው።»

«እሺ።»

«የተጠየቅኩትን እኔ ነኝ የምመልሰው።»

«እሺ» አልኩ፤ ተጨማሪ ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት።

ካዛንቺስ፣ በአምስተኛው ቀን

ባምቢስ አሁንም ዝግ ነው። በእግራችን ወጣን። ዶክተሯ ስክሪኑን አብርታ ያንኑ ቦታ ፈለገች። ሙና ጣሪያውን ታያለች፤ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። ዶክተሯ ለካች። ደግማ ለካች። ቀለሙ መጣ፣ ድምፁ መጣ።

«ሙና፣ ወደዚህ እዪ» አለች። «ይቺ ናት። ክፍት ናት። ደሙ እያለፈ ነው።»

ሙና እጇን ዘረጋች፤ ወደ እኔ። አምስት ቀን ሙሉ ያልያዝኩትን እጅ ያዝኩ፣ ሁለታችንም አለቀስን። ዶክተሯ ሶፍት እየቀደደች አቀበለችን፤ የሰፋው ጎን እስኪመለስ ጊዜ እንደሚወስድ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መመለስ እንዳለብን፣ ሆስፒታል እንድትወልድና ሲወለድም ልቡ እንዲታይ ነገረችን። የነገረችው ለሙና ነው። ሙና ጠየቀች፣ ዶክተሯ መለሰች፤ እኔ ሰማሁ።

መልስ ወደ ቡታጅራ

ስንመለስ ሙና ጋቢና ተቀመጠች፣ አዲሱ ደብዳቤ በእሷ ቦርሳ ነው። እኔ ከኋላ ወንበር ገባሁ። ጢያ ጋ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ወገባቸውን እያሹ «ልጄ፣ ማስታገሻ ነገር አልያዝክም?» አሉኝ። «ሐኪም ያሳዩ አባባ» አልኳቸው። ደስ አላላቸውም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ስለ ልብ ብዙ አይደለም፤ የተማርኩትን ዶክተሯ በአምስት ደቂቃ ነግራኛለች። ስለ ራሴ የተማርኩት ይበልጣል። ደግ ነኝ እያልኩ የሰው አፍ ስዘጋ ኖሬያለሁ፤ መልሱ ግን በተዘጋው አፍ ውስጥ ነበር።

ማምሻውን ቤታችን ገብተን ጫማችንን ሳናወልቅ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ከድር፣ ደረሳችሁ? ሙና እንዴት ናት? ልጁስ?»

«ደህና ና...» ብዬ ጀመርኩ። ሙና በሩ ጋ ቆማ ታየኛለች።

«እማዬ፣ እዚሁ አለች» አልኩና ስልኩን ሰጠኋት። «እሷን ጠይቂያት።»